ወዲያ ማዶ ያለችው በሽተኛዬ

በክረምት ከወንዙ ማዶ ያለው ቀበሌ ደሴት ነው። ባሕር የለም፣ ሐይቅ የለም፤ ሦስቱ ጎኑ ገደል ነው፣ አንዱ ወንዝ። ወንዙ ሲሞላ ሰው አይገባም፣ አይወጣም። ገና በጤና ሙያ ተመርቄ ሲማዳ ወረዳ ስመደብ ይህን የነገረኝ የለም። መብራት እንደሚጠፋ ብቻ ነው የነገሩኝ። እሱማ ሻማ አለው።

ያን ጠዋት ለክትባት ከወረዳው ከተማ ከወገዳ ወርደን ከወንዙ በላይ ያለች መንደር ነበርን። አንድ ገበሬ ከነልብሱ በስብሶ መጣ። ዕድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም። ወንዙን ዋኝቶ ነው የተሻገረው።

«እታለም፣ ሚስቴ ወለደች። ልጁ ደህና ነው። ደሙ ግን እምቢ አለ።»

ቦርሳዬን ይዤ ከኋላው ቁልቁል ሮጥኩ። ስንደርስ ወንዙ ሌላ ወንዝ ሆኗል። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ግንድ ከነሥሩ እየነዳ ይወርዳል። ማዶ በቃሬዛ አምጥተዋት ሜዳው ላይ አስተኝተዋታል፤ ሴቶች ከበዋታል። የለበሰችው ቀይ ብርድ ልብስ ይታየኛል። ፊቷ አይታየኝም።

«ገመድ የለም?» አልኩ።

«ገመዱስ አለ፣ ማን ይዞት ይሻገር?» አለኝ አንዱ።

ባልየው ሸሚዙን ማውለቅ ጀመረ። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ያዙት። «ልቀቁኝ፣ ጠዋት ተሻግሬው የለም እንዴ» ይላል። የጠዋቱ ወንዝ እንዳልሆነ እሱም ያያል።

እዚያ አገር ከማዶ ማዶ የሚጣራ ሰው አይጠፋም። የላይኛዋ መንደር ጠሪ የቅኔ መምህሩ የኔታ ናቸው፤ ከኋላችን ወርደው አጠገቤ ቆመዋል፤ ድምፃቸው ገደሉን መትቶ ይመለሳል። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ስልኬ እሳቸው ሆኑ።

«የኔታ፣ መጀመሪያ ትሽና ይበሉልኝ። ፊኛዋ ከሞላ ማህፀኗ አይሰበሰብም፣ ደሙም አይቆምም።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ደጅ ትውጣ» ብለው ተጣሩ።

«ደጅ አይደለንም እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከማዶ።

«የኔታ፣ እንዳልኩት ይበሉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ መምህር ነኝ።»

«እሷ እኮ እየሞተች ነው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው «ትሽና» የምትለዋን ቃል እንደ ዜማ ስበው ለቀቋት። ከማዶ ሳቅ ተሰማ። «እሰይ የኔታ፣ አሁን ገባን» አለች ያችው ሴት። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ልጁን ጡት እንዲያስይዟት፣ ከእምብርቷ በታች ተጭነው እንዲያሹላት፣ እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር እንዳያቆሙ ነገርናቸው። ጎንበስ ብለው ማሸት ጀመሩ።

ደም የሚያቆም ኪኒን ነበረኝ። የጓንት ጣቶች ቆርጬ ኪኒኑን ሁለት ቦታ ከጠጠር ጋር ቋጠርኩት። ወንጭፍ ተገኘ። ባልየው ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ወነጨፈው። የመጀመሪያው ውሃ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ማዶ አሸዋው ላይ ሲያርፍ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከምላሷ ሥር አደረጉላት።

«ቀነሰ?»

«ቀንሷል ይላሉ» አሉ የኔታ።

ባልየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለ።

ትንሽ ቆይቶ ከማዶ አንድ ቄስ ረዘም ያለ ነገር በግእዝ ተጣሩ። የኔታ በአጭሩ መለሱና መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ምን አሉ?»

«ጸሎት ነው። አንቺ ማዘዝሽን ቀጥዪ።»

«ጸሎቱ ይቆየንና ትንፋሿ እንዴት ነው?»

«ቀጥዪ አልኩሽ፣ ልጄ።»

ወደ ማዶ አየሁ። ሴቶቹ ቀና ብለው ቆመዋል። የማንም እጅ እሷ ላይ የለም። ሁሉም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል፤ ቀዩ ብርድ ልብስ ከራሷ በላይ ተስቧል። የሚጮህ ግን የለም። እዚያ አገር መርዶ እንዲሁ አይወረወርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው በወገን መሐል ተቀምጦ፣ ማለዳ ነው የሚነገረው። ይኸኛው ባል ደግሞ የተቀመጠው ወንዝ አፋፍ ላይ ነው፣ ሸሚዙም ወልቋል።

ለቤተሰብ እውነቱን ፊት ለፊት ተናገሩ ተብለን ነው የተማርነው። እኔም መሸፋፈን አልወድም፣ ያናድደኛል።

«ወንድሜ» አልኩት።

የኔታ ክንዴን ጨበጡ። ያማል።

«ወንድሜ፣ በርዶሃል። ወደ መንደር ውጣና ልብስ ቀይር።»

«ለምን ቆሙ?» አለኝ። ዓይኑ እዚያው ማዶ ነው። «ካንቺ ካልሰማሁ አልሄድም። ደህና ናት?»

እሱን ማየት አቃተኝ።

«የኔታ፣ ለምን ያቆማሉ? ይሹላት ይበሏቸው።»

የኔታ ተጣሩ። አሁን ግን አንድ ቃል አልቀየሩም።

ማዶ ያሉት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ያች ስታሾፍ የነበረችው ሴት ተንበረከከች፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እጇን አስገባች። ሌሎቹም ተከተሏት።

«ይኸው» አለ ባልየው፤ ሸሚዙን አነሳ።

ሁለቱ ሰዎች ይዘውት ወጡ። በየመሐሉ ዞር እያለ ያያል። እኔ «ጠንከር አድርጉ» እላለሁ፣ የኔታ ይጣራሉ፣ ልጁ ማዶ ያለቅሳል። ሰውየው ዳገቱን ጨርሶ እስኪሰወር ድረስ ሴቶቹ እጃቸውን አላነሱም።