በጀናዛው ላይ የተወሰደው ዕዳ

ጥናቴ ስለ ማይክሮፋይናንስ ቁጥጥር ነበር። በቀላሉ ሲነገር፣ ለትንሽ ነጋዴና ለገበሬ የሚያበድሩትን ተቋማት ማን ይቆጣጠራቸዋል፣ ማንስ ይደግፋቸዋል የሚል ነው። አዲስ አበባ ተቀምጬ መመሪያና ውል ሳገላብጥ ከረምኩና፣ የተጻፈው መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ተወለድኩበት ሮቤ ተመለስኩ። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን ደስ ያሰኘው የአንዱ ተቋም ውል ነው። ብድሩ ሲለቀቅ ከእያንዳንዱ ተበዳሪ ትንሽ ገንዘብ ተቆርጦ ይቀመጣል፤ ተበዳሪው ከሞተ ቀሪው ዕዳ ከዚያ ይሸፈናል፣ ቤተሰቡ አይጠየቅም። «አይ፣ ለሰው የሚያስብ አለ» ብዬ ነበር። የዋህ ነኝ።

ጎባ ላይ ነጭ ሽንኩርት ከሚነግዱ ሴቶች ጋር ተቀመጥኩ። እርስ በርስ ዋስ ሆነው ከዚያው ተቋም በቡድን የተበደሩ ናቸው። ከመካከላቸው ወጣቷ ባለፈው ክረምት በወሊድ ሞታለች። ስለ ብድሩ ስጠይቃቸው ሁላችንም ከፍለን ጨርሰናል አሉኝ።

«የሟቿስ?» አልኩ፣ መልሱን የማውቅ መስሎኝ።

«የሷንማ አባቷ ከፈሉ» አለች አንዷ። «ጀናዛው ላይ ተነስተው ወሰዱት። በሬያቸውን ሸጠው ከፈሉት።»

ክው አልኩ። እኛ አገር በሙስሊሞች ቀብር፣ በጀናዛው፣ ሬሳው ላይ ከመሰገዱ በፊት ሟች ዕዳ እንዳለበት ይጠየቃል፤ ከቤተሰብ አንዱ ይነሳና «በእኔ ላይ ይሁን» ይላል፣ ሟች ሸክሙ ቀሎለት እንዲሄድ። ክርስቲያን ብሆንም ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ስላደግኩ አውቀዋለሁ፤ ሁልጊዜም ልቤን ይነካኛል። እኚህ አባት ግን የወሰዱት የሌለ ዕዳ ነው። ልጅቷ ገና ስትበደር ለዚህ ቀን ብላ አስቆርጣለች።

ደሜ ፈልቶ በቀጥታ ወደ ቅርንጫፉ ሄድኩ። የብድር ባለሙያው ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ሳልቀመጥ ሻይ አዘዘልኝ።

«አባትየው ሲከፍሉ ዝም ብላችሁ ተቀበላችሁ?» አልኩት።

«ቀብሩ ላይ እኔም ነበርኩ» አለኝ። «ወላሂ አልቅሻለሁ።»

«ዕዳውን ሲወስዱ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሬሳ ተቀምጦ ስለ ኢንሹራንስ ይወራል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«እሺ፣ ገንዘቡን ይዘው ሲመጡስ?»

አንገቱን ደፋ። «ቀና ብለው ነው የገቡት። ቃሌን ልሞላ መጣሁ አሉ። እንዴት ብዬ ልመልሳቸው? ደግሞ ዕዳዋ ይሸፈንልን ብሎ ጥያቄ ያቀረበ ሰው አልነበረም። ከላይም የሚታየው ብድሩ መመለሱ ነው።»

ክፉ ሰው ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ጮኼበት ይወጣልኝ ነበር። ተቆጣጣሪ አለ፣ የተቋማቱ ማኅበር አለ፣ ሥልጠና የሚሰጥ አለ፤ ሁሉንም በየምዕራፉ ደርድሬያቸዋለሁ። ለአንድ አባት «አይክፈሉ» የሚል ሰው ግን ከዚያ ሁሉ መሀል ጠፋ። ለማንኛውም ከቀበሌ የሞት ማስረጃ ከመጣ ገንዘቡ እንዲመለስ ቃል አስገብቼው ወጣሁ።

አባትየው የሚኖሩት ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ዝናቡ ጀምሯል፣ የሰው ማሳ ታርሷል፤ የሳቸው ግን እንዳለ ነው። የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ለማቀናጀት ተራ ይጠብቃሉ።

«አከም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ፣ ብለው እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ።

የምሥራች ይዤ የመጣሁ መስሎኝ እየተጣደፍኩ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ገንዘብዎ ይመለሳል። በሬ ይገዙበታል።»

«ስትሞት ዕዳ አልነበረባትም ነው የምትዪኝ?»

«አልነበረባትም። በውሉ መሠረት በዚያው ዕለት ተዘግቷል።»

«የቢሮው ልጅ ያውቅ ነበር?»

ልዋሽ ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። «ያውቅ ነበር» አልኳቸው።

«በሬው ቶሎ አልተሸጠም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ከገበያ ገበያ እየነዳሁ ስንት ጊዜ መለስኩት። ያን ሁሉ ጊዜ፣ የልጄ ነፍስ እስክከፍልላት በዕዳዋ ታስራ እኔን እየጠበቀች ነው እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም። በመጨረሻ በርካሽ ለቀቅኩት፣ እሷ እንድትፈታ ብዬ።»

በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ለካ ታስራ አልነበረችም።»

ስለ በሬው አልጠየቁኝም።