ያልታጠበው ሹራብ

አጎቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ላውንደሪ ቤት ሠርቷል። በማያውቀው ሰው ኮሌታ ላይ ያለ እድፍ እንቅልፍ ይነሳዋል። እኔም እዚያው ልብስ እተኩሳለሁና ምስክር ነኝ፤ የደንበኛን ኪስ ገልብጦ ካላጠበ አያምንም።

ባለቤቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ትታለት የሄደችው ዳማ የምትባለውን ቡናማ ውሻዋን ነው። ዳማ ብርዱ አልፎ ዛፎች ማበብ ሲጀምሩ ያሳክካታል። ሆዷ ይቀላል፣ የጆሮዋ ሥር ይላጣል፣ መዳፏን ስትልስ ትውላለች። አጎቴ ለዚህ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ማጠብ። ባለፈው ወር ከክሊኒክ አንገቷ ላይ የሚንጠባጠብ የቁንጫ መድኃኒት ሰጡት። አደረገላትና በማግስቱ ማልዶ በሳሙና ፈትጎ አጠባት። "ፀጉሯን ቅባት አስመሰለባት" አለኝ። መድኃኒቱ ከሳሙናው ጋር ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት ዳማ ምግብ ተወች፤ ድዷም ነጣ። አንጀቴን በላችው። ክሊኒክ ይዘናት ሄድን።

ሐኪሟ ፀጉሯን አበጥራ የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈችው። ብናኙ እየቀላ ሄደ። ቁንጫ መጥጦ ያወጣው ደሟ ነው አለችን። የሚያሳክካት የአበባው ብናኝም ቢሆን፣ ደሟን የጨረሰው ቁንጫው ነው። አዲስ መድኃኒት አንገቷ ላይ አንጠባጠበችና ለሁለት ቀን ውሃ እንዳይነካት አስጠነቀቀችን። ከዚያ የምትተኛው ምን ላይ እንደሆነ ጠየቀች። የቁንጫው እንቁላል እዚያ ነው፤ በፈላ ውሃ ካልታጠበ እንደገና ይፈለፈልባታል፣ ዳማ ደግሞ ከእንግዲህ አትችለውም።

ዳማ የምትተኛው በአጎቴ ባለቤት የሱፍ ሹራብ ላይ ነው፤ ሆስፒታል የሄደች ዕለት አውልቃ ወንበር ላይ የተወችው። የጎረቤት መጋረጃ ሳይቀር የሚያጥብ ሰው ይህን አንድ ልብስ ሁለት ዓመት ውሃ አላስነካውም።

ቤት ስንደርስ አንስቶ አፍንጫው ላይ አደረገው።

"ሽታዋ አሁንም አለ። ካጠብኩት ምን ይቀረኛል?"

"ጋሼ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ብብትህ ውስጥ ያለችው ዳማ ናት።"

እኔ ልጠበው አልኩ፤ እምቢ አለ። ሱፍ በፈላ ውሃ እንደሚኮማተር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በዕድሜው የአንድ ሰው ሱፍ አበላሽቶ አያውቅም። ውሃውን ራሱ አፈላ፣ ራሱ ነከረው። ሹራቡ ሲደርቅ የሕፃን ልብስ አክሎ ነበር።

ያንኑ ቀን ከሰዓት በቦታው አነጠፈላት። ዳማ አሸተተችው፣ ዞረችው፣ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ትታው መጣችና እግሩ ላይ ጋደም አለች።

"እሷም ፈልጋ አጣቻት" አለ።

እንባው ሲመጣ ፊቱን ወዲያ አዞረ፤ ወርዶ አንገቷ ላይ ያለውን መድኃኒት እንዳያጥበው።