ሳማ ለቀማ

ቬቱሪያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የባቡር ማቋረጫ ዘብ ነበሩ። በኦልት ወንዝ ዳር ካለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ወጥተው፣ መንገድ መዝጊያውን አውርደው፣ ባቡሩ እስኪያልፍ ባንዲራቸውን ይዘው ይቆማሉ። አንድ ቀን የአንድ ትልቅ ሹም መኪና ደርሶ ጥሩንባውን አንባረቀው።

«ውስጥ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ?» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ባውቅ ምን ይረባል፤ ባቡሩ አያውቃቸውም» አሉት።

ሹሙ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆመ። ቬቱሪያም በማግስቱ ወደ ሩቅ ጣቢያ ተዛወሩ፤ ከዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን ጠባያቸው ያው ነበር።

ሰማንያ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ጣሊያን አገር የሚሠራው ልጃቸው ኤሚል መጥቶ፣ በከተማው ጠርዝ ካለው የአረጋውያን ቤት አስገባቸውና ያለ ፈቃድ ከግቢ እንዳይወጡ ፈርሞ ሄደ። ክረምቱን በመስኮት ሲያዩ ከረሙ።

መጋቢት ላይ በረዶው ቀለጠ፤ ዐቢይ ጾምም ገባ። የቤቱ ኃላፊ ኮሪና ባለቀለም ወረቀትና መቀስ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ «ዛሬ የፀደይ አበባ እንሠራለን» አለች። ሁሉም መቁረጥ ጀመረ። ቬቱሪያ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«እማማ ቬቱሪያ፣ እርስዎስ አይሠሩም?»

«አበባው ውጪ ነው ያለው ልጄ። ከግንቡ ማዶ፣ ጅረቱ ዳር፣ ለጋ ሳማ በቅሏል። እሱን እንልቀም። ጾሙ ከገባ ድንች ስንበላ ሁለት ሳምንታችን ነው።»

ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ኢላሪዬ ሳቁ። «እኔን ይለብልበኝ ግዴለም። እጄ ክረምቱን ሙሉ ደንዝዞ ነው የከረመው።»

«ማንም አይወጣም» አለች ኮሪና። «ጭቃ ነው። ብትወድቁ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ደግሞ የእርስዎ ልጅ ፈርሟል።»

«ይፈርማ። እኔ ወለድኩት እንጂ እሱ አልወለደኝ።»

«በሩን እቆልፈዋለሁ።»

«ተይ ልጄ። መንገድ በመዝጋት ነው ያረጀሁት። መቼ እንደሚዘጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የሚመጣ ባቡር አሳዪኝና እቆማለሁ።»

ኮሪና ቁልፉን ልታመጣ ወደ ቢሮዋ ስትሄድ ቬቱሪያ ከጠረጴዛው አንዱን መቀስ አንስተው ወጡ። ኢላሪዬ ሌላውን አነሡ። ከገና ወዲህ ከክፍላቸው ብዙም የማይወጡት ጡረተኛዋ መምህርት ሳቬታም በመራመጃ መደገፊያቸው እየተንፏቀቁ ተከተሉ።

ቁልቁለቱ ቬቱሪያ ካሰቡት በላይ ያዳልጥ ነበር። ዳሌያቸው ጠዘጠዛቸው፤ ፈሩ። ቢሆንም መውረዳቸውን ቀጠሉ። ጅረቱ ዳር ሲደርሱ ሳማው እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኙት። ጫፍ ጫፉን እየቆረጡ በሻርፓቸው ውስጥ ማጠራቀም ጀመሩ።

ድንገት ሳቬታ አዳለጣቸውና ጭቃው ላይ ዘጭ አሉ። ኮሪና ከላይ እየሮጠች ወረደች።

«ተጎዳሽ?» አሉ ቬቱሪያ፣ መቀሱን ጥለው።

«ደህና ነኝ። አታንሡኝ» አሉ ሳቬታ። «እዚህ ታች ያለው ይበልጥ ለጋ ነው።» እዚያው ተቀምጠው መልቀም ቀጠሉ።

ኮሪና ኤሚል ዘንድ ደውላ ስልኩን ለቬቱሪያ ሰጠች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? እንደገና ብትሰበሪስ?»

«አልጋዬ ላይ ሆኜም ልሰበር እችላለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን ሳማ አልለቅምም።»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅሽን አቃጠለሽ?» ሲል ጠየቀ።

«እንዴት አድርጎ» አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት።

ወጥ ቤቷ «ከምግብ ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ብላ አልነካም ስትል፣ ቬቱሪያ ራሳቸው አጥበው ቀቀሉት፤ ነጭ ሽንኩርት ጨመሩበት። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ከበቆሎ ገንፎ ጋር በሉት። ኮሪና በሩ ላይ ቆማ አየች እንጂ አልቀመሰችም።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ከግቢ መውጣት የሚቻለው ሐሙስ ሐሙስ፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ብቻ ነው። ኢላሪዬ ጮክ ብለው አነበቡና «አሸነፍን ማለት ነው» አሉ።

«ምኑን አሸነፍን?» አሉ ቬቱሪያ። «ሳማ ሐሙስን ጠብቆ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

ዓርብ ጠዋት ቦት ጫማቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ደረሱ። ኮሪና ከቢሮዋ ወጥታ እጇን አጣምራ ቆመች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም፣ እማማ ቬቱሪያ።»

«አውቃለሁ። የዱር ነጭ ሽንኩርቱ ወጥቷል።»

ኮሪና እጇን ፈትታ ከበሩ ፈቀቅ አለች። «ከዘራዎን እንኳ ይያዙ» አለች።

ቬቱሪያ ከዘራቸውን አነሡ፤ ሳቬታ ደርሰው እስኪቀላቀሏቸው ጠበቁና አብረው ወጡ።