ልዩ ያልኩት ትምህርት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ታናሽ እህቴ ሰብለ ከምትኖርበት ከሴንት አልባንስ ከልጇ ጋር መጥታ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ጭኔ ላይ ጣለችልኝ። የተማሪነቷ ሹራብ ነው፤ ከሟች እናታችን ሻንጣ ያወጣችው፣ የናፍታሊኑ ሽታ ገና ያልለቀቀው፣ ክርኑን እማዬ በሌላ ቀለም ክር የጠቀመችው።

«እታለም፣ እማዬ ለምን የሰፈራችንን ትምህርት ቤት እንደመረጠችልኝ እስቲ ለሃና ንገሪያት» አለችኝ። ልጇ ሃና በፈተና እየመረጡ ወደሚያስገቡበት ትምህርት ቤት ማመልከት ፈልጋለች፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል። ሰብለ ግን አያትሽ ከሰፈርሽ ልጆች አትለዪ ብላ ነው ያሳደገችኝ እያለች እምቢ ብላለች። ምስክሯ እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ እዚሁ ፈረንጅ አገር፣ አስኮት ቬል የሚባል ሰፈር ነበርን፤ ደረጃው በዝናብ ቀን እርጥብ ውሻ በሚሸት፣ የጎረቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ባንድነት የሚቁላላ በሚመስልበት የመንግሥት ፎቅ ቤት። እኔ አሥራ ሰባት፣ ሰብለ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበር። ከዚያ በፊት ሱዳን በስደት ሳለን እኔ ውሃ ስቀዳ እሷ የድንኳን ትምህርት ቤት ውስጥ ፊደል ቆጥራለች፤ ልዩነታችን ይኸው ነው፣ ሰው ግን የጭንቅላት ነው አለው። እማዬ መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባላት እንኳ «ዶክተሬ» ትላት ነበር። እኔ የቤቱ አፍ ነበርኩ። ለክሊኒኩም ለቤት ኪራዩ ደብዳቤም እያስተረጎምኩ የማወራው እኔ፣ የምትመረቀው እሷ። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንቺስ ስንተኛ ክፍል ደረስሽ ብሎኝ አያውቅም።

ከእኛ በታች እትዬ ወይንሸት ይኖሩ ነበር። መናገር የማትችለውን ልጃቸውን በየጠዋቱ ትንሽ ነጭ አውቶቡስ እየመጣ ይወስዳታል፤ በሰፈሩ አማርኛ «ልዩ ትምህርት ቤት» ነው የምትሄደው። እማዬ በመስኮት እያየች ከንፈሯን ትመጥና «የእኔንስ ጠብቅልኝ» ትላለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰብለ መምህርት አስጠራችን። ሰብለ ኮሪደር ላይ ቀረች፣ እኛ ገባን። ክፍሉ የብርቱካን ልጣጭና የእርሳስ ቅርፊት ይሸት ነበር። ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ጎበዞች ተመርጠው በሚገቡበት ትምህርት ቤት ትፈተን፣ አንቺም ፈርሚ አለች መምህርቷ በእንግሊዝኛ። እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል። ወደ እማዬ ዞሬ «ልዩ ትምህርት ቤት ትግባ ነው የምትለው» አልኳት።

ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ ዛሬም በዚህ እከራከራለሁ።

እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። «እንደ እትዬ ወይንሸት ልጅ?»

ዝም አልኩ። ውሸቱ እሱ ነው።

«ልጄ ምን ጎድሏት!» ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ በምታውቃት እንግሊዝኛም «ኖ፣ ታንክዩ» አለቻት። መምህርቷ እስክሪብቶዋን እንደዘረጋች ቀረች። ኮሪደር ላይ ለሰብለ ሌላ ትርጉም ሰጠኋት፦ እማዬ ከሰፈርሽ ልጆች እንድትለዪ አልፈለገችም።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት ክፉ አልነበረም፤ ሰብለም ሰው ሆናበታለች፣ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የሰፈራቸውን ትምህርት ቤት የሚመርጡ ወላጆች ደህና ደህና ምክንያት አላቸው፤ ቅርብ ነው፣ ጓደኛ አለ፣ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ይደግ ይላሉ። የእኛ ቤት ምክንያት ግን የእኔ ቅናት ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እየረገጥኩ፣ ቦርሳዋን ተሸክሜ እስከ በሩ ሸኘኋት። ፍቅር መሰላት። በየሰርጉና በየልደቱ እየተነሣች «እናት ሁለት ነው ያለኝ» ትላለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ፣ ሰውም ትሕትና ይለዋል።

«ሶ፣ አንቲ» አለች ሃና ስልኳን አስቀምጣ፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ፦ «አያቴ ለምንድን ነው እምቢ ያለችው?»

ሰብለ ፈገግ ብላ የሹራቡን እጅጌ ታጥፋለች።

«በአማርኛ ልዩ የሚባል ቃል አለ» አልኩ። «ሁለት ነገር ማለት ነው። አያትሽ አንዱን ሰማች። ሌላውን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አልነገርኳትም። መምህርቷ ያለችው የጎበዞች ትምህርት ቤት ነበር።»

ሃና ልትጠይቀኝ አፏን ከፈተች። የሰብለ እጆች እጅጌው ላይ ቆሙ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ «እታለም» እንኳ አላለችኝም። «ሃና፣ ጫማሽን አድርጊ» ብቻ አለች፤ በሩ ጋ ሲደርሱም «ሰኞ እንመዘገባለን» ስትላት ሰማሁ።

ሹራቡን ረስታው ይሁን ትታው አላውቅም። ወንበሩ ላይ ነው፤ አንድ እጅጌው ታጥፏል፣ አንዱ ወለሉን ነክቷል።