ፈቃድ የሌለው እጅ

ዋሲሁን ሐዋሳ ላይ አስራ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ የዶሃ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ግን «ጥበቃ» ነው የሚለው። መንሱራ ሰፈር ስምንት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ሶኬት ሲበላሽ የሚሠራልን እሱ ነበር። ዘንድሮ እሳት እንዳይነሳ ተብሎ ደንቡ ጠበቀ፤ አከራያችንም ፈቃድ የሌለው ሰው ሽቦ ከነካ ሁላችንንም እንደሚያስወጣን ነገረን። የኤሲው ሶኬት ሲቃጠል የጠራነው ባለፈቃድ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ «ነገ፣ ኢንሻአላህ» እያለ ያሾፍብናል። በዚህ ሙቀት ማን ይችላል? አብሮን የሚኖረው ሾፌሩ ፈለቀ ሶኬቱን በቁስል ፕላስተር ጠቅልሎ ኤሲውን ሰካ። ፕላስተሩ ሲጠቁር ዋሲሁን «ንቀለው! ልትጨርሰን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«እንግዲያው ራስህ ሥራው!» አለው ፈለቀ።

ዋሲሁን ሶኬቱን አልነካም። ፍራሹን ጎትቶ በሩ ሥር አነጠፈና፣ «ጥበቃ አይደለሁ? እሳቱ ሲነሳ በሩን እከፍትላችኋለሁ» አለ።