ስም የሌላቸው ሥዕሎች

ወጣቶች ግድግዳዎቿን በሥዕል የሸፈኗትን ከተማ ልንጎበኝ በሚኒባስ ከተሳፈርነው መካከል አንዲት እናት ቁጭ ብድግ ያበዙ ነበር። ግራጫ ሹራባቸውን አንዴ ያወልቃሉ፣ ወዲያው መልሰው ይለብሳሉ። በወረድን ቁጥር አስጎብኚው ስለ ቀለሙ ሲያስረዳን እሳቸው ጥለውን ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ። አጎንብሰው የሥዕሉን የታችኛውን ጥግ በጣታቸው ይዳብሱና ክፍት ብሏቸው ይመለሳሉ። ምሳቸውን አልነኩትም። አጠገባችን ይበሉ የነበሩትን ወጣት ሠዓሊዎች ግን አንድ በአንድ ፊታቸውን ያዩ ነበር።

በሚኒባሱ ወደ ማረፊያችን ስንመለስ አስጎብኚው ስለ ከተማዋ የተሰማንን ሳንደብቅ እንድንነግረው ጠየቀን። ሁላችንም አሞገስን። ተራው የእሳቸው ሆነ።

«ታይታ አትጠገብም» አሉ። «ግን ሥዕሎቹ ላይ ስም የለም። ልጆቹ ስማቸውን ቢጽፉ ጥሩ ነው።»

«እዚህ ሥዕሉ የሁላችንም ነው እማማ። ስም ምን ያደርጋል?»

«ልጇ የጠፋባት እናት ብትመጣ የእሱን በምን ትለየዋለች?»

 እሳቸው ይህን እያሉ በመስኮቱ በኩል ቀለሙ ያልደረቀ ግድግዳ አይተው ኖሮ ሹፌሩን «ወራጅ አለ» አሉት። መኪናው ሳይቆም በሩ ጋ ደርሰዋል።