የየኔታን ድምፅ የሰጠሁበት ቤት

የቅኔ ትምህርቴን አቋርጬ ደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ የከፈትሁ ሰው ነኝ። መምህሬን፣ ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ ቅኔ የሚያስተምሩትን የኔታን ግን አልተውኋቸውም ነበር። በየሁለት ሳምንቱ እየሄድሁ ሲቀኙ በስልኬ እቀዳቸዋለሁ። ቅኔ እንደሚታወቀው ለዕለቱ ተዘርፎ ያበቃል፤ ያን ቀን ያልሰማ አመለጠው። ዛሬ የተቀኙትን ነገ መድገም ለመምህር ነውር ነው።

መጀመሪያ እምቢ ብለውኝ ነበር። "የዕለቱ ለዕለቱ ነው፤ አንተን ምን አስጨነቀህ?" አሉ።

"አይ የኔታ፣ እዚህ ከገባ አይጠፋም" አልኋቸው ስልኬን እያሳየሁ። ምላሴን በቆረጠው!

ቅጂዎቹን የማስቀምጥበት፣ ራሴ የሠራሁት ትንሽ ድረ ገጽ ነበረኝ። ማንም አይገባበትም። ቁይ ከተማ ያሉት የቅኔ ተማሪዎች "ኢንተርኔት ላይ እኮ የለም" ይሉኛል። ለነሱ ኢንተርኔት ማለት የአንድ ትልቅ ኩባንያ መተግበሪያ ብቻ ነው፤ ስልኩ ሲገዛ ተጭኖበት ይመጣል፣ ርካሹ ጥቅልም ለሱ ነው። የድረ ገጼን ሊንክ እዚያ ስለጥፍ ኩባንያው ለሰው አያሳይልኝም። ድምፁን እዚያው ስጭን ግን ሰዉ ይጎርፋል። መጀመሪያ እልህ ያዘኝ፣ በኋላ ሰለቸኝ። ሁሉን ወደዚያ አዛውሬ ድረ ገጼን ዘጋሁት። ስልኬም ሞልቶ ሲያስቸግረኝ ቅጂዎቹን አጠፋኋቸው። ጅል!

አዲሱን ገጽ የከፈትሁት "የኔታ" ብዬ ነው። ታዲያ ምን ልበል? በኛ አገር መምህሩን በስሙ የሚጠራ ተማሪ አይቼ አላውቅም።

የኔታ ባረፉ በሦስተኛው ወር ገጹ ከነቅጂዎቹ ተዘጋ። ከኩባንያው የመጣው መልእክት ስሙ እውነተኛ አይመስልምና መታወቂያ ይላክ ይላል። የየኔታ ሚስት የባላቸውን የቀበሌ መታወቂያ ከዳዊታቸው መሃል አውጥተው በሰው ላኩልኝ። ፎቶ አንስቼ አስገባሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ስሙ አይመሳሰልም" የሚል መልስ መጣ። እንዴት ይመሳሰል? መታወቂያው ላይ ያለውን ስም እኔ ራሴ ገና ያን ቀን ማንበቤ ነው! ሰው ያናግረኝ ብዬ ጻፍሁ፤ ያው መልስ ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ "ውሳኔው የመጨረሻ ነው" ተባልሁ። ተናድጄ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፤ እጄ እስኪያብጥ።

ጉዳዩን በስልክ በነገርኋቸው በማግስቱ ጠዋት፣ የየኔታ ሚስት ሱቄ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸውን አደግድገዋል፣ ስንቅ ቋጥረዋል። ለየኔታ ሙት ዓመት ተማሪዎቻቸው ተሰብስበው ድምፃቸውን ሊሰሙ ነበር የታሰበው። ሚስታቸውም ከሁሉም በላይ ያን ቀን እየጠበቁ ነበር።

"ተነሥ፣ እንሂድ" አሉኝ።

"የት እማማ?"

"ሰዎቹ ዘንድ ነዋ! ደጅ እንጠናለን። ሳምንትም ይሁን፣ ወርም ይሁን። አሮጊት ደጃቸው ተቀምጣ ስታለቅስ እያዩ ዝም ብለው አያልፉም።"

ባሕር ማዶ ናቸው ብዬ ላመልጥ ከጀለኝ። ግን እዚያስ ብንደርስ? እውነቱን ነገርኋቸው። "ደጅ የላቸውም እማማ። ሲወጣ ሲገባ የምንለምነው ሰው የለም። የሚመልስልን ማሽን ነው።"

ወንበር ሰጠኋቸው። ስንቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"ታዲያ አንተ" አሉኝ፣ "ደጅ እንደሌላቸው እያወቅህ ነው እሳቸውን የሰጠሃቸው?"